በዙፋን ላይ የተቀመጠው ክርስቶስ በመካከለኛው ዘመን ሥዕል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አውሮፓ ወይም ኢስታንቡል ደርሰው የተመለሱ ወዳጆቼ የስልካቸውን ፎቶ ከፍተው ሲያሳዩኝ አንድ ዓይነት ሥዕል ፈጽሞ አይቀርም፤ ክርስቶስ በዙፋን ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ በግራው መጽሐፍ ይዞ። ከፎቶው ጋር የሚመጡት ጥያቄዎችም ከዓመት ዓመት እምብዛም ስለማይለወጡ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። የጻፍኩት ሥዕል ለሚወድ አንባቢ እንጂ ለነገረ መለኮት ተማሪ አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ምክር ልስጥ። አብዛኛው ተመልካች ዓይኑን ፊቱ ላይ ይተክላል። እርስዎ ግን ከታች ይጀምሩ። ምን ላይ ተቀምጧል? እግሩስ ምን ረግጧል? ፊቱ በየዘመኑና በየአገሩ ይለዋወጣል፤ ሥዕሉ የትኛውን ነገር እንደሚተርክ የሚናገረው መቀመጫው ነው።

ይህ ዓይነት ሥዕል ስም አለው?

አለው። ላቲን ተናጋሪው ምዕራብ «ማየስታስ ዶሚኒ» ይለዋል፤ የጌታ ግርማ ማለት ነው። የግሪኩ ምሥራቅ «ፓንቶክራቶር» የሚል ስም አለው፤ የእኛ ሊቃውንት ይህንን ቃል «አኃዜ ኵሉ» ብለው ወደ ግዕዝ መልሰውታል፣ ሁሉን የያዘ። ሁለቱ ስሞች ግን የአንድ ሥዕል ሁለት መጠሪያዎች አይደሉም። ፓንቶክራቶር የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከወገቡ በላይ ብቻ የሚታይ፣ ከጉልላት ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት ክርስቶስ ነው። አቴና አጠገብ በሚገኘው የዳፍኒ ገዳም ጉልላት ውስጥ ያለው፣ በ1100 ገደማ የተሠራው፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በዚያ ዙፋን አይታይም። እዚህ የማወራው በዋናነት ሙሉ አካሉ ስለሚታየው፣ ስለ ተቀመጠው ነው።

ሠዓሊዎቹ ይህንን ከየት አገኙት?

ከመጽሐፍ ነው፣ ያውም ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 6 ጌታን በረጅምና ከፍ ባለ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 1 አራት ፊት ያላቸውን እንስሳት፣ መንኮራኩሮቹንና ሰንፔር የሚመስለውን ዙፋን ያያል። ዮሐንስ በራእዩ ምዕራፍ 4 ላይ በዙፋኑ ዙሪያ ቀስተ ደመና፣ አራቱን እንስሳና 24ቱን ሽማግሌዎች ይጨምራል። ማቴዎስ በምዕራፍ 25 የሰው ልጅ በክብሩ ዙፋን ስለሚቀመጥበት ቀን ይናገራል። የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊ እነዚህን ሁሉ እየቀላቀለ ይሥላል። «ይህ ሕዝቅኤል ነው ወይስ ራእየ ዮሐንስ?» ብሎ ሥዕሉን ማፋጠጥ ብዙ ጊዜ መልስ የሌለው ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጸሎተ ሃይማኖትንም አንርሳ። «ዐርገ በስብሐት ውስተ ሰማያት ወነበረ በየማነ አቡሁ» የምንለውን አንቀጽ፣ በቋንቋቸው እያሉ፣ የእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም ይደግሙት ነበር። ቀና ሲሉ የሚያዩት ያንኑ ነበር።

የመጀመሪያው የትኛው ነው?

«የመጀመሪያው» የሚባል ነገር ላይ መማል አልወድም። ከቀደምቶቹ መካከል በእርግጠኝነት የሚጠራው ግን የዩኒየስ ባሱስ የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥን ነው። ሰውየው የሮም ከተማ አስተዳዳሪ ነበር፤ በ359 ሞተ፤ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተጠምቋል። ሣጥኑ ዛሬ በቫቲካን ነው። በላይኛው ረድፍ መካከል፣ ጢም የሌለው ወጣት ክርስቶስ በጴጥሮስና በጳውሎስ መካከል ተቀምጧል። እግሩ ሥር አንድ ጢማም ሰው እንደ ነፋስ የተነፋ መጋረጃ ከራሱ በላይ ዘርግቶ ብቅ ብሏል፤ ይህ ሮማውያን ሰማይን በሰው አምሳል የሚሥሉበት መንገድ ነው። ክርስቶስ ሰማይን ረግጧል ማለት ነው።

ዓይንዎን ወደ ታችኛው ረድፍ ያውርዱ። ልክ ከዙፋኑ በታች ያው ክርስቶስ በአህያ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ይታያል። ከላይ ዙፋን፣ ከታች አህያ፤ በአንድ ቀጥታ መስመር። እኔ በበኩሌ በዚህ ሣጥን ላይ ከዚህ የበለጠ ያስገረመኝ ነገር የለም።

የሮም ነገሥታትን ሥዕል ገልብጠው ነው የሚባለው እውነት ነው?

ለብዙ ጊዜ መልሱ «አዎ» ነበር። አንድሬ ግራባርን የመሳሰሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ምሁራን፣ ቆስጠንጢኖስ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የቤተ መንግሥቱን የሥዕል ቋንቋ ወስዳ ለክርስቶስ አለበሰችው ብለው አስተምረዋል። በ1990ዎቹ ቶማስ ማቲውስ ይህንን አጥብቆ ተቃወመ፤ ክርስቶስ የተሣለው እንደ ንጉሥ ሳይሆን እንደ አምላክና እንደ መምህር ነው አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ሁለቱንም ለመመዘን ሮም ውስጥ ወዳለችው ሳንታ ፑዴንዚያና መግባት ይበቃል። ከመሠዊያው በስተጀርባ ባለው ግማሽ ክብ ጣሪያ ላይ፣ በ400 ገደማ የተሠራ ሞዛይክ፣ ማለትም ከጥቃቅን ባለ ቀለም ኩቦች የተገጣጠመ ሥዕል፣ አለ። ክርስቶስ ወርቅ ለብሶ በዕንቊ ባጌጠ ሰፊ ዙፋን ተቀምጧል፤ ከኋላው በጎልጎታ ላይ የቆመ ትልቅ ባለ ዕንቊ መስቀል፣ በሰማዩ ላይ አራቱ እንስሳ። ንጉሥ ነው ያሰኛል። ነገር ግን ሐዋርያቱን ይመልከቱ፤ በግራና በቀኙ እነርሱም ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን እያወናጨፉ የሚወያዩ ይመስላሉ። በንጉሥ ፊት ማን ይቀመጣል? እኛ አገር ያደገ ሰው ይህንን ለመረዳት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ይህ አቀማመጥ የኔታ በደቀ መዛሙርት መካከል የሚቀመጡበትን እንጂ የግብር አዳራሽን አያስታውስም። እኔ ያለ ብዙ ማመንታት ወደ ማቲውስ አዘነብላለሁ፤ ሆኖም የወርቁ ልብስና የዕንቊው ዙፋን ከቤተ መንግሥት ምንም አልቀሰሙም ማለት ይከብደኛል።

(ጎን ለጎን ለማለት ያህል፦ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት የሞዛይኩ ጠርዝ ተቆርጧል፤ ሁለት ሐዋርያትም አብረው ሄደዋል። አሥሩ ብቻ የሚታዩት ለዚህ ነው፤ የይሁዳ ጉዳይ አይደለም።)

ታዲያ ምን ላይ ነው የሚቀመጠው?

የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

አንደኛው መቀመጫ እውነተኛ የቤት ዕቃ ነው፤ ትራስ የተነጠፈበት፣ ዕንቊ የተፈረጠበት፣ አንዳንዴ ጀርባ የሌለው አግዳሚ፣ አንዳንዴ ጀርባው እንደ በገና የተቀለሰ ዙፋን። በቢዛንታይን፣ ማለትም በምሥራቁ የሮም መንግሥት፣ ሳንቲሞች ላይም ይህ በገና መሰል ጀርባ ይታያል፤ ቀዳማዊ ባሲል (867–886) በወርቅ ሳንቲሙ አንድ ገጽ ላይ በዙፋን የተቀመጠ ክርስቶስን አስቀርጿል። ንጉሡ በገበያ ላይ በሚዞር ገንዘብ ላይ «ዙፋኑ የእርሱ ነው፣ እኔ እንደራሴ ነኝ» ያለ ያህል ነው።

ሁለተኛው ሉል ነው። ጣሊያን፣ ራቬና፣ በ547 በተባረከችው የሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን፣ ወጣቱ ክርስቶስ በሰማያዊ ኳስ ላይ ተቀምጧል፤ ያ ኳስ ዓለም ነው። ማንም ሰው በኳስ ላይ ተረጋግቶ ሊቀመጥ አይችልም፤ ሞዛይኩን የሠሩት ባለሙያዎችም ይህንን ያውቁ ነበር። የማይቻለውን መቀመጫ የመረጡት ሥፍራው የምድር ቤተ መንግሥት አለመሆኑን ለማስታወቅ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቀስተ ደመና ነው። ግሪክ ውስጥ በተሰሎንቄ፣ ሆሲዮስ ዳዊት በምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ የ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥራ እንደሆነ የሚታመን ሞዛይክ አለ። ቤቱ በኦቶማን ዘመን መስጊድ ስለነበር ሥዕሉ በልስን ተሸፍኖ ኖሮ በ1921 ተገለጠ። ክርስቶስ በቀስተ ደመና ላይ፣ በብርሃን ክበብ ውስጥ ተቀምጧል፤ የያዘው ጥቅልል «እነሆ፣ አምላካችን ይህ ነው» ከሚለው የኢሳይያስ ቃል ጋር የሚስማማ ጽሑፍ አለው። ከእግሩ ሥር አራት ወንዞች ይፈልቃሉ። እነዚህ የገነት ወንዞች ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ግዮን ነው፣ ኦሪት ዘፍጥረት የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል የሚለው፣ እኛም ዓባይ ነው የምንለው። ተሰሎንቄ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ይህችን ነገር ሳያይ ቢመለስ ያሳዝነኛል።

የእግሩ ጉዳይም አለ። «ሰማይ ዙፋኔ ነው፣ ምድርም የእግሬ መረገጫ ናት» የሚለውን የኢሳይያስን ቃል ብዙ ሠዓሊዎች ቃል በቃል ሠርተውታል፤ መቀመጫው የሰማይ ቅስት፣ መረገጫው የምድር ግማሽ ክብ። በሰሜን ምሥራቅ ስፔን በታውል መንደር የነበረው የሳንት ክሊመንት ሥዕል እንዲህ ነው።

በዙሪያው ያለው የእንቁላል ቅርጽ ምንድን ነው?

በጣሊያንኛ «ማንዶርላ» ይባላል፤ ትርጉሙ ለውዝ ነው። ለውዝ ስል በሱቅ በር ላይ በስኒ እየተሰፈረ የሚሸጠውን ኦቾሎኒ አይደለም፤ የአሮን በትር ያፈራችውን ለውዝ ነው፣ ጫፉ የሾለውን ፍሬ። የሚያመለክተው ክብሩንና ብርሃኑን ነው። ሁልጊዜም የለውዝ ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ክብ፣ ሞላላ፣ አንዳንዴም ሁለት ክበቦች ተያይዘው የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይይዛሉ። በ845 ገደማ በፈረንሳይ በቱር ገዳም ተዘጋጅቶ ለንጉሥ ቻርለስ መላጣው በተበረከተው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህ ባለ ስምንት ቅርጽ አለ፤ ላይኛው ክብ ሰማይ፣ ታችኛው ምድር ሆኖ ይተረጎማል።

አራቱ እንስሳ እነማን ናቸው? እኛ ከምናውቃቸው ጋር አንድ ናቸው?

አንድ ናቸው። ኅዳር 8 የምናከብራቸው አርባዕቱ እንስሳ ናቸው፤ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህም፣ ገጸ ንስር። በምዕራቡ ሥዕል በተለመደው አቀማመጥ፣ ከተመልካቹ አንጻር፣ ሰውየው ከላይ በግራ፣ ንስሩ ከላይ በቀኝ፣ አንበሳው ከታች በግራ፣ በሬው ከታች በቀኝ ይሆናሉ።

ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ይዘው ይታያሉ፤ የአራቱ ወንጌላውያን ምሳሌዎች ስለሆኑ ነው። ማቴዎስ ሰው፣ ማርቆስ አንበሳ፣ ሉቃስ ላም፣ ዮሐንስ ንስር የሚለው አደላደል ግን ከመጀመሪያው የተቆረጠ አልነበረም። በ180 ገደማ የጻፈው የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ ማርቆስን ንስር፣ ዮሐንስን አንበሳ ብሎ ነበር። አውግስጢኖስ ደግሞ ማቴዎስን አንበሳ፣ ማርቆስን ሰው አደረገ። ዛሬ በምዕራብም በእኛም ዘንድ የታወቀው አደላደል በምዕራቡ የጸናው በሄሮኒሞስ ነው።

24ቱ ሽማግሌዎችስ?

እነርሱም የምናውቃቸው ካህናተ ሰማይ ናቸው፤ ኅዳር 24 ይከበራሉ። በደቡብ ፈረንሳይ በሞይሳክ ገዳም መግቢያ በር ላይ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት በተቀረጸው ግማሽ ክብ ድንጋይ ላይ፣ በክርስቶስ ግራና ቀኝና ከእግሩ ሥር ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንገታቸውን ጠምዝዘው ወደ እርሱ አንጋጠዋል። እንዲያ የተጠመዘዘ አንገት ድንጋይ መሆኑን ማመን ያቅታል። በእጃቸው ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያና ጽዋ ይዘዋል። የእኛዎቹ ሠዓሊዎች ግን አክሊል ደፍተው ማዕጠንት የያዙ ካህናት ያደርጓቸዋል። ሁለቱም ከአንድ ጥቅስ የወጡ ናቸው፤ ራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 በገናም ዕጣን የሞላበት ዕቃም ይጠቅሳል። ምዕራቡ በገናውን መረጠ፣ እኛ ዕጣኑን።

ጢም የሌለው ክርስቶስ ስሕተት ነው?

አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ሁለቱም አብረው ኖረዋል፤ ሳን ቪታሌ፣ ሆሲዮስ ዳዊትና የባሱስ ሣጥን ጢም አልባ ናቸው፣ ሳንታ ፑዴንዚያና ጢማም ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ781 አዝዞ ጎደስካልክ የተባለ ጸሐፊ በጨረሰው የወንጌል መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ገና ወጣትና ጢም አልባ ነው። ወጣትነቱ የማያረጅ መሆኑን ይናገራል፤ ጢሙ ሥልጣኑን። በምሥራቅ ጢማሙ ቀደም ብሎ አሸነፈ፤ ዳግማዊ ዮስጢንያኖስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የክርስቶስን ፊት በወርቅ ሳንቲም ላይ ሲያስቀርጽ የመረጠው ጢማሙን፣ ጠጉረ ረጅሙን ነው።

ጣቶቹን ለምን እንዲያ ያደርጋል? በመጽሐፉስ ላይ ምን ተጽፏል?

የእጁ ምልክት መጀመሪያ የተናጋሪ ምልክት ነበር፤ በግሪክና በሮም ዓለም ንግግር የሚጀምር ሰው እጁን እንዲህ ያነሣ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቡራኬ ሆነ። ምዕራባውያን አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣትን፣ ጠቋሚንና መካከለኛን ዘርግተው ሁለቱን ያጥፋሉ። በምሥራቅ የቀለበት ጣት ከአውራ ጣት ጋር ይገናኛል፤ በኋላ ዘመን ይህ አጣጠፍ ኢየሱስ ክርስቶስ የሚለውን ስም የግሪክ ምኅጻር ይጽፋል ተብሎ ተተረጎመ።

መጽሐፉ የተዘጋ ከሆነ ሽፋኑን ይመልከቱ፤ የዘመኑን የወርቅ አንጥረኛ ሥራ ያሳያል። የተከፈተ ከሆነ ከሁሉ በላይ የሚዘወተረው ጥቅስ «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚለው የዮሐንስ ወንጌል ቃል ነው። ሲሲሊ ውስጥ በቼፋሉ ካቴድራል፣ በ1148 በተሠራው ሞዛይክ (ይህኛው በወገብ የተቆረጠው ዓይነት ነው)፣ አንዱ ገጽ በግሪክኛ፣ ሌላው በላቲን ተጽፏል። የደሴቲቱ ሕዝብ ሁለቱንም ይናገር ነበርና።

ዙፋኑ ባዶ የሆነበት ሥዕል አየሁ። ክርስቶስ ጠፍቶ ነው?

የለም፣ ሆን ተብሎ ነው። ግሪኮች «ሄቶይማሲያ» ይሉታል፤ ዝግጅት ማለት ነው። በባዶው ዙፋን ላይ መስቀል፣ መጽሐፍ ወይም ልብስ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቅስት አናት ላይ፣ ከ432 እስከ 440 ባለው ጊዜ የተሠራ አለ። ነገሩ የሥዕል ብቻ አልነበረም፤ በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ወንጌል በዙፋን ላይ ተቀምጦ እንደነበር ቅዱስ ቄርሎስ ራሱ ጽፏል፤ ሰብሳቢው ክርስቶስ ነው ለማለት።

ከፍርድ ቀን ሥዕል በምን ይለያል?

በግርማ ሥዕል ጊዜ የለም፤ ምንም ነገር አይፈጸምም። በፍርድ ሥዕል ሁሉም ነገር እየተፈጸመ ነው፤ መለከት ይነፋል፣ መቃብር ይከፈታል፣ ነፍስ ይመዘናል፣ ክርስቶስም መጽሐፉን ትቶ ሁለት እጆቹን ይዘረጋል ወይም ቁስሉን ያሳያል። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ምዕራቡ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ።

በፈረንሳይ በኦታን ካቴድራል በር ላይ ያለው፣ በ1130 ገደማ የተቀረጸው፣ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኛል። ከክርስቶስ እግር ሥር «ጊስሌቤርቱስ ይህን ሠራ» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ቀራጺው ስሙን ከመረገጫው ሥር ማስቀመጡ ትሕትና ይሁን ድፍረት እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። በ1766 የካቴድራሉ ካህናት ሥራው አስቀያሚ መስሏቸው በልስን ደፈኑት፤ የክርስቶስ ራስ ወጣ ብሎ ስላስቸገራቸው ቆረጡት። ንቀታቸው ግን ጠቀመ፤ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ የተነሣው የፈረንሳይ አብዮት የብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ቅርጽ ሲሰባብር ይህኛው ከልስኑ ሥር ተደብቆ ዳነ። በ1837 ተገለጠ፣ ራሱም በ1948 ወደ ቦታው ተመለሰ።

ኢስታንቡል ውስጥ በእግሩ ሥር የተደፋው ሰው ማነው?

ይህ በጥንቱ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በሐጊያ ሶፊያ፣ ከንጉሡ በር በላይ ያለው ሞዛይክ ነው። ክርስቶስ በበገና መሰል ዙፋን ተቀምጦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚል መጽሐፍ ከፍቷል፤ አንድ ዘውድ የደፋ ንጉሥ በግንባሩ ሊደፋ ተንበርክኳል። ስሙ አልተጻፈም። ብዙ ምሁራን ስድስተኛው ሊዮ (886–912) ነው ይላሉ። ሊዮ ወንድ ልጅ የወለደችለትን ሴት አራተኛ ሚስት አድርጎ በማግባቱ ፓትርያርኩ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ መልሶታል፤ ሥዕሉም ያለበት ቦታ ያው በር ነው። ንስሐ ይሁን የተለመደ የንጉሥ ስግደት፣ እያንዳንዱ ንጉሥ በዚያ በር ሲገባ ከራሱ በላይ የተንበረከከ ንጉሥ ያይ ነበር።

በዚያው ሕንፃ ፎቅ ላይ ደግሞ ክርስቶስ በንግሥት ዞዪና በሦስተኛ ባሏ በዘጠነኛው ቆስጠንጢኖስ መካከል ተቀምጧል። የባልየው ራስ ተነቅሎ እንደገና የተሠራ ነው፤ ስሙም ተቀይሯል። ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው እዚያ ይቆም ነበር ማለት ነው። ዙፋኑ ላይ ያለው አይቀየርም፣ ከጎኑ የሚቆሙት ይቀያየራሉ።

የግድግዳ ሥዕል እንዴት ሙዚየም ገባ?

ይህንን የሚጠይቁኝ ባርሴሎና የደረሱ ናቸው፤ የታውል ሥዕል ዛሬ እዚያ ሙዚየም ውስጥ ነውና። ከላይ የጠቀስኩት የታውል ቤተ ክርስቲያን በዲሴምበር 10 ቀን 1123 ተባረከ፤ ቀኑ በራሱ በቤቱ ዓምድ ላይ በቀለም ተጽፏል። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ፣ በፒሬኔ ተራሮች የሚገኙ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ነጋዴዎች መግዛት ጀመሩ፤ የሳንታ ማሪያ ዴ ሙር ሥዕል፣ እርሱም በዙፋን የተቀመጠ ክርስቶስ፣ ባሕር ተሻግሮ ዛሬ አሜሪካ በቦስተን ሙዚየም አለ። የካታሎኒያ ባለ ሥልጣናት ደንግጠው የቀሩትን ከ1919 እስከ 1923 አስነሡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሥዕሉ ላይ ጨርቅ በእንስሳ ኮላ ይለጠፋል። ኮላው ሲደርቅና ሲኮማተር የቀለሙን ቀጭን ሽፋን ይይዛል፤ ከዚያ ጨርቁ ቀስ ተብሎ ከግድግዳው ይላጣል፣ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል፣ በበቅሎ ተራራ ይወርዳል፣ በሌላ ሸራ ላይ ይገለበጣል፣ የፊቱ ኮላም በሙቅ ውኃ ይታጠባል። ሥራውን የሠሩት ከጣሊያን የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሥዕሉ ተረፈ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ራቁቱን ቀረ። ከ2013 ጀምሮ በታውል ያለው ባዶ ግድግዳ ላይ ሥዕሉ በፕሮጀክተር ብርሃን ይታያል፤ ቆንጆ ነው፣ መብራቱ ሲጠፋ ግን ነጭ ልስን ነው የሚቀረው።

ሰማያዊውን ቀለም የሚያደንቁ ብዙ ናቸው። ከአፍጋኒስታን የመጣ ውድ ድንጋይ አይደለም፤ አይሪናይት የሚባል የዚያው ተራራ ማዕድን ነው።

ወርቁ እውነተኛ ወርቅ ነው?

በሞዛይኮቹ፣ አዎ፤ ግን በጣም ስስ ነው። የወርቅ ቅጠል በሁለት የመስታወት ንብርብር መካከል ተጋግሮ ወደ ጥቃቅን ኩቦች ይቆረጣል። ኩቦቹ አንድ ወጥ ሆነው አይደረደሩም፤ ጥቂት ጥቂት ዘንበል ይላሉ፣ የመብራትና የሻማ ብርሃን በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንዲያብለጨልጩ። በፎቶ የሚያሳዝኑት ለዚህ ነው።

በእኛ አገር አለ?

አለ፣ ግን በራሱ መንገድ። በጥንታዊ የብራና ወንጌሎቻችን የዕርገት ሥዕል ላይ ክርስቶስ በክበብ ውስጥ ሆኖ በአርባዕቱ እንስሳ ተከቦ ይታያል፤ ከታች እመቤታችንና ሐዋርያት ቆመው ያንጋጥጣሉ። የዚህ አሣሣል ዘመድ ግብፅ ውስጥ ነው፤ ከባዊት ገዳም ወጥቶ ዛሬ በካይሮ የኮፕት ሙዚየም ያለው የ6ኛው ወይም የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ክርስቶስን በእንስሳቱና በመንኮራኩሮቹ መካከል አስቀምጦ ማርያምንና ሐዋርያትን ከታች ያሰልፋል።

በኋላ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ዙፋኑን በእኛ ሥዕል እየያዙ የመጡት ሥላሴ ናቸው፤ ሦስት እኩል ሽማግሌዎች፣ በአራቱ ማዕዘን አራቱ እንስሳ። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ መቅደስ ግድግዳ ሥላሴን ከስቅለቱ በላይ ያስቀምጣል። የውጭ አገር ሰው ይህንን ሲያይ «ክርስቶስ ሦስት ጊዜ ተሣለ» ይላል፤ እኛ ደግሞ አውሮፓ ሄደን አንዱን ብቻ ስናይ «ሁለቱ የት ሄዱ?» እንላለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በግዕዝ «መንበር» ዙፋንም ነው፣ ታቦቱ የሚያርፍበትም ነው። በምዕራቡ ሥዕሉ ከመሠዊያው በላይ የሚሣለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ እኛ ግን በቃሉ ውስጥ አስቀምጠነዋል።

ሁሉንም ባልችል የትኛውን ልይ?

ሮም ላለ ወይም ለሚያልፍ ሰው ሳንታ ፑዴንዚያናን። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬም እዚያው አጠገብ ናት፤ የተሞላውንም ባዶውንም ዙፋን በአንድ ከሰዓት ያያሉ። የባሱስን ሣጥን ለማየት ቫቲካን የሚዘልቅ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለውን ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻን ይጠይቅ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የተሰጠ ቤት ነው።

ቤልጂየም ያሉ ወደ ጌንት ይሂዱ። በ1432 የተጠናቀቀው የቫን ኤይክ ወንድማማቾች ትልቅ የመሠዊያ ሥዕል፣ መካከለኛው ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ ቀይ ለብሶ ሦስት እርከን ያለው ዘውድ የደፋ አንድ ሰው በዙፋን ያሳያል። አብ ነው የሚሉ አሉ፤ ማርያምና መጥምቁ ዮሐንስ በግራና በቀኙ ስላሉ ክርስቶስ ነው የሚሉም አሉ። ስትሄዱ ከእግሩ ሥር ጀምራችሁ እዩት፤ እዚያ መረገጫ የለም፣ በወለሉ ላይ የተቀመጠ ሌላ ባለ ዕንቊ ዘውድ እንጂ።